ቆሎውን መብላት ያቃተው ተማሪ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ልጁ ማንነቱ እንዳይታወቅ ስለጠየቀኝ የግቢውንና የዲፓርትመንቱን ስም አውጥቻለሁ።

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ዘጌ ናቸው። አባቴ ቱሪስት በጀልባ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያመላልስ ነበር። እናቴ ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንንሽ ሥዕልና ከደንገል የተሠራ ታንኳ ትሸጥ ነበር። አሁን ቱሪስት የለም። አባቴ ጀልባውን ካቆመ ቆየ። ሁለት ታናናሾች አሉኝ።

አምና በሁለተኛው ሴሚስተር አፕላይድ ማትስ ኤፍ አገኘሁና ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ገባሁ። ዘንድሮ ከተመዘገብኩ በኋላ የኮሪደር ልማት ላይ የቀን ሥራ አገኘሁ። መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር የምሠራው። ከዚያ ሰኞም ቀረሁ። አሁን ክፍል ከገባሁ አምስት ሳምንት አልፎኛል። አቴንዳንስ የዶርሜ ልጅ ይፈርምልኛል። ቤተሰቦቼ እየተማርኩ ይመስላቸዋል። እናቴ በየቅዳሜው በጀልባ ስንቅ ትልክልኛለች። ባለፈው የላከችው ቆሎና ሎሚ ነበር። ቆሎውን መብላት አቃተኝ። ለዶርም ልጆች ሰጠኋቸው።

ትምህርቱን ትቼ ሥራዬን ልቀጥል ወይስ ልመለስ? ብመለስስ በምን ፊቴ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ታናናሾችህ ደብተር፣ ስለ ጀልባው ሞተር ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ስለ ቆሎው የጻፍከው ግን አንድ መስመር ነው። እኔ ያቺን መስመር ማለፍ አቃተኝ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ የዋለ ልጅ ቆሎ አይጠላም። ያውም የእናቱን ቆሎ። ፌስታሉን እንዴት አድርጋ እንደምትቋጥረው አውቃለሁ፤ የእኛ እናቶች ሁሉ አቋጣጠራቸው አንድ ነው። አጥብቀው ሁለት ጊዜ ያስሩታል፤ ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል። ያንን ቋጠሮ በጥርስህ ፈትተህ፣ ቆሎውን ዓይተህ፣ እንደገና ቋጥረህ ለሰው ሰጠኸው። ያልራበህ ሆነህ አይደለም። እናትህ የቆላችው ለተማሪ ልጇ ነው፤ አንተ ደግሞ ተማሪ ነኝ ለማለት አፍህ አልታዘዝልህ አለ።

የገንዘቡ ችግር እውነት አይደለም ማለቴ እንዳይመስልህ። ጣና ዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣና ቱሪስቱ ቀረ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። እፎይ ልንል ነው ስንል በ2015 ነሐሴ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ግጭቱ በረታ። ወደ ገዳማቱ ይመላለሱ የነበሩ ጀልባዎች ዳር ላይ ታስረው ሳይ ሆዴ ይባባል። ዘጌ ደግሞ እንደ ሌላው አገር አይደለችም። ከጥንት ጀምሮ በሬ አይጠመድባትም። ኑሮዋ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ቱሪስቱ ሲቀር ወደ ሞፈርና ቀንበሬ ልመለስ የሚል ሰው የለም። አባትህ ጀልባውን ሲያቆም አንተ ድንጋይ ለመሸከም መውጣትህ የሰነፍ ልጅ ሥራ አይደለም። የበኩር ልጅ ሥራ ነው። ይህን ሳልነግርህ ወደ ምክሩ ብገባ ነውር ይሆንብኛል።

አሁን ግን የነገሩን ቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ የመጣው ኤፍ ነው። ሥራው የመጣው ኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድ መሥራትህ ይገባኛል፤ ትምህርት የለም። «ከዚያ ሰኞም ቀረሁ» ብለህ ለምን ሰኞ እንደሆነ ሳትነግረኝ አለፍክ። ካልተሳሳትኩ ሰኞ የሒሳብ ክፍል ነበረህ። አንድ ክፍል ላለመግባት የቀረ ልጅ ማክሰኞ ሲመጣ ጓደኞቹ «ትናንት የት ነበርክ?» ይሉታል። ያንን ጥያቄ ላለመስማት ማክሰኞንም ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ይሞላል።

አስተማሪ ነበርኩ። ጣና ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት «ከነገ ጀምሮ ትምህርት አቁሜያለሁ» ብሎ ተሰናብቶኝ የሄደ ተማሪ አላጋጠመኝም። ትምህርት የሚቆመው እያደር ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ደብተር ነው፤ ልጁ ይመጣል፣ ደብተሩ አይመጣም። ከዚያ ወንበር ይቀይርና ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በገበያ ቀን ይቀራል። አንድ ቀን ስም ስትጠሪ «አቤት» የሚል ይጠፋል፤ ክፍሉም አይደንቀውም።

አንዱን ልጅ አልረሳውም። ኅዳር ላይ ዳጉሳ አጨዳ ሦስት ሳምንት ቀረ። አባቱ ታሞ ነበርና አጫጁ እሱ ብቻ ነው። አጨዳው አለቀና መጣ። ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለኝ። እጁ በማጭድ ተልጧል። ገና መልስ ሳልሰጠው ከኋላ አንዱ «ገበሬው መጣ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጁም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለምኜዋለሁ። «እሺ እመጣለሁ» አለኝ፤ አልመጣም። ወረቀት ላይ «በቤተሰብ ችግር ምክንያት ያቋረጠ» ተብሎ ተመዘገበ። እኔ ግን የነበርኩበት ነገር ነው። የቤተሰቡ ችግር ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የወሰደበት። የቀረውን ዕድሜውን የወሰደበት ያ ሳቅ ነው።

ለዚህ ነው እንዲህ የማስበው፤ ከክፍል የሚያስወጣው ድህነት ነው፤ እንዳይመለሱ የሚያደርገው ግን ይሉኝታ ነው። ሁለቱ ደግሞ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ለድህነቱ ሥራ ፈልገሃል። ለይሉኝታው ምንም አላደረግክም፤ ዝም ብለህ ደበቅከው። እሱም እያደገ ነው።

(በጥር የሚዳሩት ሴት ልጆች ነገር ሌላ ነው። እነሱን ይሉኝታ አላስቀራቸውም፤ ሰው ነው ያስቀራቸው። ስለ እነሱ ለብቻው እጽፋለሁ፤ እዚህ በሁለት መስመር የማልፈው ነገር አይደለም።)

ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር ልበል። ኤፍ ያገኘሁት ደደብ ስለሆንኩ ነው ብለህ ደምድመሃል፤ ባትጽፈውም ይታያል። እስቲ ዓመቱን ቁጠር። በ2016 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ከተፈተንክ፣ ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ 8ኛ ክፍል ነበርክ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት እንኳ ሳይቆራረጥ ተምረህ ታውቃለህ? የ12ኛ ክፍል ዓመትህ የተጀመረው ክልሉ በግጭት ውስጥ እያለ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው። እንዲያም ሆኖ አለፍክ። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንተ ከእነሱ አንዱ ነህ። አፕላይድ ማትስ የቆመው በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነው። ያ መሠረት አንተ ላይ ተሸርሽሯል፤ በአንተ ጥፋት ግን አይደለም። የጎደለው ትምህርት ነው። ትምህርት ደግሞ ይሞላል።

ያ ማለፍህ ራሱ ሸክም እንደሆነብህም ይገባኛል። ከሰፈር ጥቂት ልጅ ብቻ ሲያልፍ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ስትሄድ ጎረቤት መርቆህ፣ አንዱ ብር፣ አንዱ ብርድ ልብስ ሰጥቶህ ይሆናል። አሁን «ወደቅኩ» ማለት ለእነሱ ሁሉ መናገር ይመስልሃል። ለእነሱ ምንም የመናገር ግዴታ የለብህም። ግዴታህ ለሁለት ሰው ነው፤ ለአባትህና ለእናትህ።

እኔም ጠፍቼ አውቃለሁ። በ1987 ዓ.ም ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ሌላ ከተማ። መጋቢት ላይ አባቴ ሞተ። ለቅሶ ሄድኩ። አርባው እስኪወጣ ልቆይ አልኩ። አርባው ሲወጣ ፈተናው አልፏል። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ታናናሾቼ ትንንሽ ናቸው። ለኮሌጁ ደብዳቤ ልጻፍ አልኩና «አሁን ምን ብዬ እጽፋለሁ?» ብዬ ተውኩት። ቀኑ በገፋ ቁጥር ደብዳቤው እየከበደኝ ሄደ። ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

ስመለስ ሪጅስትራሩ መስኮት ጋ ቆምኩ። ሰውዬው ትልቅ መዝገብ አወጣ። ማስመሪያውን ከስሜ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ወሰደው። ኤፍ። ኤፍ። ኤፍ። የዚያ ሴሚስተር አምስት ኮርስ በሙሉ። ወረቀቱን እንኳ ያላየሁት ፈተና ወድቄ አገኘሁት። «አባቴ ሞቶ እኮ ነው» አልኩት። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ «አባትሽ መሞቱን ማን ነገረን?» አለኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወረቀት በሰው ብልክ ኖሮ የዚያ ሴሚስተር ውጤት ኤፍ አይሆንም ነበር፤ በዓመቱ ተመልሼ ካቆምኩበት እቀጥል ነበር። በምትኩ የማታ ትምህርት ከዜሮ ጀመርኩ። አብረውኝ ከገቡት ሰባት ዓመት ዘግይቼ ተመረቅኩ። አባቴ መሞቱ ያስቀረኝ ለጥቂት ወር ነው። ሰባቱን ዓመት የወሰደብኝ ዝምታዬ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «ልተው ወይስ ልመለስ?» ብለሃል። እኔ የምመክርህ ሁለቱንም አይደለም። አቋርጥ፤ ግን በወረቀት አቋርጥ።

ብዙ ሰው «ነገውኑ ክፍል ግባ» እንደሚልህ አውቃለሁ። ልቤ እሱን ሊልህ ይፈልጋል። ግን አስበው። አምስት ሳምንት አልፏል። ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ አምልጦሃል። የዶርምህ ልጅ ፊርማ አንተን ክፍል ውስጥ አያስቀምጥህም፤ ፈተና ላይ አብሮህ አይቀመጥም። ዋርኒንግ ላይ ነህ። አሁን ሮጠህ ገብተህ ሌላ ዝቅተኛ ውጤት ቢደረብበት የሚመጣው አካዳሚክ ዲስሚሳል፣ በውጤት ምክንያት መባረር ነው፤ ግቢ ውስጥ «ኤዲ» የምትሉት። ከዚያ ተመልሶ መግባት ዊዝድሮው (ትምህርትን በሕጋዊ መንገድ የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ከመመለስ በጣም ይከብዳል። እንደዚሁ ድምፅህን አጥፍተህ ብትጠፋም መጨረሻው ያው ነው፤ እንደኔ ያልተፈተንከውን ትወድቃለህ።

ዊዝድሮው ከሞላህ ግን ውጤትህ ባለበት ይቆማል። የዚህ ሴሚስተር ኮርሶች ኤፍ ሆነው አይመዘገቡም። መመለሻ መንገድ ይኖርሃል።

ዋጋም አለው፤ አልደብቅህም። ኮርሶቹ የሚሰጡት በዓመት አንዴ ስለሆነ አንድ ሴሚስተር ማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት መጠበቅ ማለት ነው። ዶርሙንና ካፌውን ትለቃለህ። እስካሁን ምሳና እራትህን የቻለልህ ግቢው ነው፤ ኮስት ሼሪንግ ሆኖ የሚከፈለውም ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ነው። ከወጣህ በኋላ ግን የቤት ኪራይና የምግብ አለ። ከቀን ሥራህ የሚተርፈው እስካሁን የሚተርፍህን ያህል አይሆንም። ይህን ከመፈረምህ በፊት ወረቀት ላይ ደምረው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤትህ ዘጌ ሆነህ በቡና ለቀማው ብታግዝ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ከተማ ከአንድ ሁለት ልጆች ጋር ቤት ተጋርተህ መሥራት ትችላለህ።

ይህ ዓምድ የሚወጣው ሐሙስ ነው። ነገ ዓርብ አድቫይዘርህን ፈልገው። ቢሮው በር ላይ ቆመህ ንግግር አታሰላስል። «አምስት ሳምንት አልመጣሁም፤ ዊዝድሮው መሙላት እፈልጋለሁ» በለው። ይቆጣህ ይሆናል። ይቆጣ። ቅጹን ተቀበል። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ እውነቱን ጻፍ፤ የቤተሰብ ኢኮኖሚ ችግር። ማስረጃ ከጠየቁህ ከቀበሌ ታጽፋለህ። የሐሰት የሕክምና ወረቀት ልግዛልህ የሚል ሰው አይጠፋም። እንዳትሞክረው። እውነተኛ ችግር ያለው ሰው የውሸት በሽታ አያስፈልገውም። ከዚያ ክሊራንስ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር፣ ካፌ እያልክ ታስፈርማለህ። አሰልቺ ነው፤ አንዱ ቢሮ ሰው የለም፣ አንዱ ነገ ና ይልሃል። ሳትሰለች አስጨርሰው። የመመለሻ ማመልከቻ መቼ እንደሚገባና ምን እንደሚያስፈልግ ሪጅስትራሩን ጠይቅና ቀኑን እዚያው ጻፈው። ጊዜው አልፏል ካሉህም ከመስኮቱ አትመለስ። ዲኑ ጋ ግባ። የተማሪዎች ዲን ቢሮም ለዚህ ነው የተከፈተው።

ከሁሉም የሚከብደው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ስንቅ ይዞ የሚመጣውን ጀልባ ቆመህ አትጠብቅ። አንተ ተሳፈርና ዘጌ ሂድ። በስልክ አትንገራቸው። በስልክ ስትናገር አባትህ ፊትህን አያይም፤ አንተም የእሱን አታይም፤ ሁለታችሁም የባሰውን ታስባላችሁ። ሽማግሌም አታስቀድም። ሰው አልገደልክም።

ከእናትህ ጋር ብቻ ተነጋግረህ «አንቺ ንገሪልኝ» ማለት እንደሚያምርህ እገምታለሁ። እኔም እናት ነኝ፤ ይህን ሸክም አትስጣት። ሁለቱም ባሉበት ተናገር። እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «አባዬ፣ አምስት ሳምንት ክፍል አልገባሁም። ሒሳብ ከብዶኝ አፈርኩና ቀረሁ። የቀን ሥራ እየሠራሁ ነው። ዘንድሮን በሕጋዊ ወረቀት አቋርጬ ለከርሞ ልመለስ ነው። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

አንድ ነገር ግን እንዳትል። «ለእናንተ ብዬ ነው» እንዳትል። እውነት ቢሆንም እንኳ። ጀልባው የቆመበት አባት ያንን ሲሰማ «በእኔ ምክንያት ነው ልጄ ከትምህርት የቀረው» ብሎ ነው የሚሰማው። ጀልባው መቆሙ ሳይበቃው ይህንንም አትጨምርበት። ሒሳቡን አስቀድም። ሒሳቡ የአንተ ነው።

አባትህ ሊቆጣ ይችላል። ዝም ሊልም ይችላል፤ ከቁጣው ይልቅ ዝምታው ሊያስጨንቅህ ይችላል። ዝም ካለ አንተም ዝም በል። ማስረዳት አትጀምር። ተነስቶ ወደ ጓሮ ቢወጣ ተከትለህ አትውጣ። እናትህ ቡና ማፍላቷ አይቀርም። ቡና ባለበት ቆሎ አይጠፋም። ያን ጊዜ ብላ።

ስለሚመጣው ዓመት የሚያሰጋኝን ልንገርህ። ማታ ማታ እጅህ ላይ የሚገባ ገንዘብ ሰው ያለማምዳል። ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ትምህርት ዛሬ ሠርተህ ዛሬ የምታገኝበት ነገር ስላልሆነ ከቀን ገንዘብ ጋር ሲወዳደር ሁልጊዜ ይሸነፋል። «አንድ ዓመት ብቻ» ብለው ወጥተው ከዚያው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። አብዛኞቹ የሚመለሱበትን ወር ለማንም አልነገሩም ነበር። አንተ ንገር። ለአባትህ፣ ለዶርምህ ልጅ፣ ለአድቫይዘርህ ወሩን ንገራቸው። የምትመለስበትን የትራንስፖርት፣ የኮፒና የሳሙና ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምረህ እናትህ ጋ አስቀምጥ። ትንሽ ትሁን። ዋናው ቁልፉ እሷ እጅ መሆኑ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ ከ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምር። ከአፕላይድ አትጀምር። አትፈር፤ ማንም አያይህም። በሳምንት ሁለት ማታ ይበቃል። ታናሽህ 9ኛ ክፍል ናት ብለሃል አይደል? እሷን ሒሳብ አስጠናት። እኔ ፋንክሽን የሚባለውን ነገር በትክክል የገባኝ ለሌላ ሰው ሳስረዳ ነው፤ ያውም ከተመረቅኩ በኋላ።

በዓመቱ ውስጥ ልብህ ሌላ ነገር ከያዘም ይሁን። ቴክኒክና ሙያ ገብተህ ሞተር ጥገና ብትማር ጣና ላይ ሥራ አታጣም። ያን ግን ካሰብክበት በኋላ ወስን። ከሰኞ ሒሳብ ሸሽተህ አትወስን።

ለዶርምህ ልጅ መልእክት አለኝ፤ ይህን አንብብለት። ልጄ፣ አቴንዳንስ የምትፈርምለት ስለምትወደው ነው። ግን ባትፈርምለት ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪው «ይህ ልጅ የት ጠፋ?» ይል ነበር። አንተ ስለሸፈንክለት ማንም አልፈለገውም። ከዛሬ ጀምሮ አትፈርምለት። ዓርብ ግን አድቫይዘሩ ቢሮ ድረስ አብረኸው ሂድ። በር ላይ ጠብቀው።

ይህን የምታነቡ ወላጆችም አላችሁ። ልጃችሁ ስትደውሉለት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ቶሎ ስልኩን የሚዘጋ ከሆነ «ትምህርት እንዴት ነው?» አትበሉት። መልሱን ያውቀዋል፤ «ጥሩ ነው» ይላል። «የትኛው ትምህርት ከበደህ?» በሉት። ጥያቄው መክበዱን ቀድሞ ስለሚያምንለት ልጁ ለመናገር አይፈራም።

ልጄ፣ ሰኞ ጠዋት ሪጅስትራር ጋ ሄደህ አስጨርስ። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ስትቀበል እዚያው በር ላይ ካለው ኮፒ ቤት ሁለት ኮፒ አንሳ። አንዱ አንተ ጋ ይሁን። ሌላውን ለአባትህ ስጠው፤ ከጀልባው ወረቀቶች ጋር ያስቀምጥልህ።